ስለ ዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ሰሞንና ስለ ቤት ሰላም

የሰው ጠባይ ከሚገለጥባቸው ስፍራዎች ሁለቱ ሙግትና ጨዋታ ናቸው። ነገር ግን ወደ ችሎት የሚቀርብ ሰው ነገሩን በቤቱ አስቦ፥ ቃሉን መርጦ፥ ነጠላውን አስተካክሎ ስለሚመጣ፥ የልቡን መርምሮ ማወቅ ለዳኛም ለጸሓፊም ያስቸግራል። ለኳስ ተመልካች ግን ይህን ያህል ጊዜ የሚሰጠው የለም። ኳሲቱ ወደ ጎል በቀረበች ጊዜ ዝምተኛው ይጮኻል፤ ጩኸተኛው አፉን ይይዛል፤ በሰፈሩ በዕርቅ የታወቀው ሽማግሌ ዳኛውን ይራገማል። ስለዚህ የቤተ ሰቡን ጠባይ ጠንቅቆ ሊያውቅ የሚወድ አባወራ ቢኖር፥ አንድ የዓለም ዋንጫ ከእነርሱ ጋራ ተቀምጦ ይመልከት ብለን እንመክረዋለን።

እኛም ይህን የተማርነው በኅዳር ወር በ2015 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ2022) በኳታር አገር በተደረገው በ22ኛው የዓለም ዋንጫ ነው። ለዚያ ውድድር 32 አገሮች ተጠርተው በ8 ምድብ ተከፈሉ፤ በ29 ቀን ውስጥም 64 ግጥሚያ ተደረገ። ዋንጫው በወትሮው ልማድ የሚደረገው በሰኔና በሐምሌ ነበር፤ ነገር ግን የዚያች አገር የበጋ ፀሓይ ተጫዋችንም ተመልካችንም የምታቃጥል ስለ ሆነች ጊዜው ወደ ኅዳር ተዛወረ። የኳታርና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ በመሆኑም ግጥሚያዎቹ በእኛ አቈጣጠር በቀን በ7 ሰዓትና በ10 ሰዓት፥ በማታ በ1 ሰዓትና በ4 ሰዓት ይጀመሩ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። 7 ሰዓት የምሳ፥ 10 ሰዓት የቡና፥ 1 ሰዓት የልጆች ጥናት፥ 4 ሰዓት የመኝታ ጊዜ ነው። ከአራቱ ሰዓቶች ከቤት ሥርዐት ጋራ የማይጣላ አንድ እንኳ አልተገኘም።

በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ተመልካች አንድ የተለየ ችግር አለበት። የገዛ አገሩ ቡድን ወደ ዓለም ዋንጫ ደርሶ ስለማያውቅ፥ ሁልጊዜ በሰው ድግስ የሚቀመጥ እንግዳ ነው፤ ለአራት ሳምንት የሚደግፈውን አገር መዋስ አለበት። ይህን ስንል ግን በዚህ ማዕድ ላይ የእኛ ድርሻ የለም ማለታችን አይደለም። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። ደግሞም ለ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ብቻዋን የተቈረጠ አንድ ቦታ እንኳ በተነፈገ ጊዜ፥ የአፍሪካ አገሮች አንሄድም ብለው ሲቀሩ፥ በነገሩ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር ፕሬዚዳንት የሆኑት ክቡር አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በ1970 አንድ ቦታ ተሰጠ፤ በ1982 ሁለት፥ በ1994 ሦስት፥ በ1998 አምስት ሆነ። ስለዚህ ሴኔጋል፥ ካሜሩን፥ ጋና፥ ቱኒዝያና ሞሮኮ በኳታር ሜዳ ሲወጡ ባየን ጊዜ፥ ርስቱን አባቱ ያቀናው፥ እርሻውን ግን ጎረቤቱ የሚያርሰው ሰው እንደሚሰማው ያለ ነገር ተሰማን።

በቤታችን የተደረገው የቡድን ምርጫ እንዲህ ነበር። ወንድ ልጄ በየሳምንቱ የእንግሊዝን ክለቦች ሲመለከት ያደገ ነውና እንግሊዝን ያዘ። የባለቤቴ ወንድም አርጀንቲናን ያዘ፤ እንዲያውም «አርጀንቲና ዓረቢያ ሳዑዲን 4 ለ 0 ታሸንፋለች፤ ዋንጫውንም ትወስዳለች» ብሎ በወረቀት ጽፎ፥ ቀን ጨምሮ ፈረመበትና እንዳስቀምጥለት ለእኔ ሰጠኝ። የጸሓፊ ቤት ወረቀት እንደማይጠፋበት በዚያን ጊዜ አላሰበውም። አማቴ ደግሞ የተጫዋቾችን ስም ከመጠየቃቸው በፊት ሰንደቅ ዓላማ አሳዩኝ ብለው፥ አረንጓዴ፥ ቢጫና ቀይ ያለበትን ሁሉ መረጡ፤ በዚህም ሴኔጋልን፥ ካሜሩንንና ጋናን ባንድ ጊዜ ያዙ። አንድ ሰው ሦስት አገር መያዝ አይችልም ብንላቸው፥ «ቀለሙ የእኛ አይደለም ወይ?» አሉ። በእውነትም ጋና በ1957 (እ.ኤ.አ.) ነጻነትዋን ስትቀበል ቀለሙን የወሰደችው የኢትዮጵያን አብነት አይታ ነውና የሚመልስላቸው አልተገኘም። ባለቤቴ ግን «እኔ የምደግፈው ተሸንፎ በጨዋነት የሚወጣውን ነው» አለች። ከሁላችንም ይልቅ ብዙ ደጋፊነት የደረሳት እርሷ ናት፤ የሚሸነፍ በየቀኑ አይጠፋምና።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ኅዳር 11 ቀን ባለ ድግሷ ኳታር ከኤኳዶር ጋራ በአል በይት ሜዳ ያደረገችው ነው። ይህ ሜዳ በዘላን ድንኳን አምሳል የተሠራ ነበርና ሲያዩት የሰርግ ዳስ ይመስል ነበር። ነገር ግን በሙሽራው ቤት የሚጠበቀው ደስታ አልሆነም። እንግዳይቱ ኤኳዶር ገና በ3ኛው ደቂቃ አገባች፤ ያም ጎል በምስል ተመርምሮ ቢሻርባት፥ ኤነር ቫሌንሲያ የተባለው አለቃቸው በ16ኛውና በ31ኛው ደቂቃ ሁለት ጨመረ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የተባለው ይህ ነው። ዋንጫው በ1930 (እ.ኤ.አ.) ከተጀመረ ወዲህ የመክፈቻ ግጥሚያውን የተሸነፈ አስተናጋጅ አገር አልነበረም። ከተመልካቾቹም ብዙዎቹ ጨዋታው ሳያልቅ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ እኛ አገር እንግዳ ተነሥቶ የሚሄደው ምግቡ ሲያልቅ ነው፥ በዚያ ግን ተስፋው ሲያልቅ ሆነ። አማቴም ነገሩን በትዕግሥት ከተመለከቱ በኋላ፥ «ምን ታደርጉታላችሁ? እንግዳን ማስቀደም የጨዋ ልጅ ሥራ ነው» ብለው ፈረዱ።

በማግስቱ ኅዳር 12 ቀን ነበር። የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ከሕዝብ ብዙ ስለ ጨረሰ፥ በዚህ ዕለት በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ጥራጊ ተሰብስቦ የሚታጠንበት ልማድ እንዳለ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ከቀኑ በ10 ሰዓት እንግሊዝና ኢራን ሲጀምሩ ጢሱ በመስኮት ይገባ ነበርና፥ ልጄ የቴሌቪዥኑ ምስል የደበዘዘው በመሣሪያው ብልሽት መስሎት ሁለት ጊዜ መታው። በሜዳውም ገና በመጀመሪያ የኢራን በረኛ ከራሱ ባልንጀራ ጋራ በግንባር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ካከሙት በኋላ ልጫወት ብሎ ተነሣ፤ ጥቂት ቈይቶ ግን አልቻለምና ተሸክመው አወጡት። የዳኞች አለቃ የሆኑት ኢጣሊያዊው ኮሊና የባከነ ደቂቃ ሁሉ እንዲቈጠር አዝዘው ስለ ነበረ፥ በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ 14 ደቂቃ ተጨመረ። በችሎት ቀጠሮ ሲራዘም ያየሁት ብዙ ነው፤ በኳስ ግን እንዲህ ያለ አላየሁም ነበር። አቦሉ፥ ቶናውና በረካው ተጠጥቶ ሲያበቃ ተጫዋቾቹ ገና ለዕረፍት አልወጡም። በመጨረሻም እንግሊዝ 6 ለ 2 አሸነፈች፤ ከኢራን ጎሎች ሁለተኛው የገባው ከ90 ደቂቃ በኋላ በ13ኛው ተጨማሪ ደቂቃ ነው። ልጄ በስድስቱ ጎል ሲዘል፥ ባለቤቴ ግን «ስድስት ገብቶበት እስከ መጨረሻው የሮጠው ነው ጀግናው» አለችው።

በዚያው ሌሊት በ4 ሰዓት አሜሪካና ዌልስ 1 ለ 1 ተለያዩ። ከዚያ በኋላ ስልክ ተደወለ፤ በአሜሪካ የተወለደው የአማቴ የልጅ ልጅ ነበር። በተሰባበረ አማርኛ «አያቴ፥ ለማን ነሽ? ለእኛ አይደለሽም?» ብሎ ጠየቃቸው። አማቴ ጥቂት ዝም አሉና፥ «ለአንተ ነኝ እንጂ ልጄ» ብለው መለሱለት። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን፥ «‹ለእኛ› ያለው ማንን ነው?» ብለው ቢጠይቁን ደፍሮ የመለሰላቸው አልነበረም።

ኅዳር 13 ቀን በ7 ሰዓት የባለቤቴ ወንድም ምሳውን ሳይጨርስ ወደ ቤታችን መጣ። አርጀንቲና 36 ግጥሚያ ሳትሸነፍ የቈየች ስለ ሆነች ፊቱ እንደ ባለ ርስት ፊት ነበር። ሜሲም በ10ኛው ደቂቃ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። ከዚያ በኋላ ከዕረፍት በፊት ሦስት ጎል ገባ፤ አንዱን ሜሲ፥ ሁለቱን ላውታሮ ማርቲኔዝ አገቡ፤ ሦስቱም ከጨዋታ ውጭ ተብለው ተሻሩ። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

አማቴ ከጨዋታ ውጭ ማለት ምን እንደ ሆነ ስለ ጠየቁ፥ እኔ እንደ ሕግ አንቀጽ አድርጌ፥ «አጥቂው ኳስ ወደ እርሱ በተሰደደች ጊዜ ከበረኛው ፊት ካለው ከመጨረሻው ተከላካይ አልፎ ቢገኝ ጎሉ አይጸናለትም» ብዬ አስረዳሁ። ባለቤቴ ግን ከጓዳ ሆና፥ «እናቴ፥ ማዕዱ ሳይባረክ እጁን ወደ ወጡ የሰደደ እንግዳ ማለት ነው» አለቻቸውና ወዲያው ገባቸው። ይህንንም ነውር የሚያጋልጡ ምስክሮች በጣሪያው ላይ የተሰቀሉ 12 የምስል መሣሪያዎችና በኳሲቱ ሆድ ውስጥ የተቀመጠ፥ በሴኮንድ 500 ጊዜ የሚመሰክር መሣሪያ ነበሩ። እነዚህ ምስክሮች ዘመድ የላቸውም፤ ጉቦ አይቀበሉም፤ ቃላቸውንም አይለውጡም። እንደነዚህ ያሉ ምስክሮች በርስት ሙግት ላይ ቢገኙ ኖሮ ከጸሓፊዎች እኵሌቶቻችን ሥራ በፈታን ነበር።

ከዕረፍት መልስ የዓረቢያ ሳዑዲ ልጆች አል ሸህሪ በ48ኛው፥ አል ዳውሳሪ በ53ኛው ደቂቃ አገቡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ተባብረው ጠብቀው 2 ለ 1 አሸነፉ። ንጉሥ ሳልማንም ማግስቱ በመንግሥታቸው ሁሉ የዕረፍት ቀን እንዲሆን አዘዙ። የባለቤቴ ወንድም ይህን ሲሰማ፥ «እኔ ነኝ ዛሬ ዕረፍት የሚያስፈልገኝ» አለ። ቀጥሎም ያችን ወረቀት እንድመልስለት ለመነኝ። እኔም በመዝገብ የገባ ቃል እንደማይፋቅ፥ ነገር ግን ይግባኝ ማለት እንደሚችል ነገርሁት። ይግባኙም በከንቱ አልቀረም፤ አርጀንቲና ከዚያ በኋላ በርትታ ታኅሣሥ 9 ቀን ፈረንሳይን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ስለዚህ በዚያ ወረቀት ከተጻፈው ከሁለቱ ቃል አንዱ ፈረሰ፥ አንዱ ጸና፤ እርሱም የጸናውን ብቻ ገልብጬ እንድሰጠው ዛሬም ይጠይቀኛል።

ኅዳር 14 ቀን ጀርመን ጃፓንን 1 ለ 0 ስትመራ ቈይታ፥ በ75ኛውና በ83ኛው ደቂቃ ሁለት ገብቶባት ተሸነፈች። ከጎሉ ይልቅ በቤታችን ብዙ ያነጋገረው ግን ከጨዋታው በኋላ የታየው ነገር ነው። የጃፓን ተመልካቾች ከሰማያዊ ከረጢት ጋራ በየመቀመጫው ሥር እየዞሩ ጥራጊ ለቀሙ፤ ተጫዋቾቹም የልብስ መለወጫ ክፍላቸውን አጽድተው፥ ከወረቀት የታጠፉ ወፎችና የምስጋና ጽሑፍ ትተው ወጡ። ትንሿ ልጄ ይህን አይታ ስታበቃ ተነሥታ ከሶፋው ሥር የወደቀውን የፈንዲሻና የቈሎ ርጋፊ ጠረገች። እናቷ ሦስት ዓመት ያህል በቃል ስትመክራት ያልሆነውን፥ ጃፓን በ90 ደቂቃ አደረገችው። ስለዚህም ልጅ ከምክር ይልቅ በአብነት እንደሚማር ተረዳን።

በዚያው ማታ እስፓንያ ኮስታ ሪካን 7 ለ 0 አሸነፈች። ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢ እንደ ትውልድ ሐረግ ቈጥሮ ይከተለን። ጀርመንን ጃፓን አሸነፈች፤ ጃፓንን ከአራት ቀን በኋላ ሰባት የገባባት ኮስታ ሪካ 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ኮስታ ሪካን ሰባት ያገባችባትን እስፓንያን ደግሞ ኅዳር 22 ቀን ጃፓን 2 ለ 1 አሸነፈች። በፍጻሜውም ጃፓን ከምድቧ አንደኛ ሆነች፤ ጀርመን ወደ አገሯ ተመለሰች። በዚህ ነገር ማን ከማን ይበልጣል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፥ እኛ ቀጠሮ እንሰጠዋለን እንጂ ብያኔ አንሰጠውም።

ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ገባ፤ ለአማቴም የጾሙ መጀመሪያ መራራ ሆነ። በ7 ሰዓት ካሜሩን በስዊስ 1 ለ 0 ተሸነፈች። ጎሉን ያገባው ብሪል ኤምቦሎ የሚባል የስዊስ ተጫዋች ነው፤ የተወለደው ግን በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ ነበር። ባልንጀሮቹ እየጮኹ ወደ እርሱ ሲሮጡ እርሱ አልዘለለም፥ አልሳቀም፤ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ሁለት እጁን አንሥቶ ቆመ። አማቴ የካሜሩን ደጋፊ ስለ ነበሩ ይቈጣሉ ብለን ስንጠብቅ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ። «ምን ያድርግ? ያሳደገውን እንጀራ ክዶ ለማን ይሁን? ደግሞ የተወለደበትን መትቶ እንዴት ይሳቅ?» አሉ። ከዚህም በኋላ ራሳቸው ስልክ አስደውለው ወደ አሜሪካ፥ «ልጄ፥ እኔ ለእናንተ ነኝ፤ አንተም እኛን አትርሳ» ብለው ለልጅ ልጃቸው ነገሩት። ስለ ኳስ የተባለ ቃል አንድም አልነበረበትም።

በማታው ፖርቱጋል ጋናን 3 ለ 2 አሸነፈች። ሮናልዶ በፍጹም ቅጣት ምት አግብቶ በአምስት የዓለም ዋንጫ ጎል ያገባ የመጀመሪያው ወንድ ተጫዋች ሆነ። የማይረሳው ግን የመጨረሻዋ ቅጽበት ናት። የፖርቱጋል በረኛ ኳሲቱን ይዞ፥ ጊዜ ለመግደል ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖራት፤ ከኋላው ግን ኢኛኪ ዊሊያምስ የተባለው የጋና አጥቂ፥ ድመት አይጥን እንደሚጠብቅ አድፍጦ ቈይቶ ነበርና ሮጦ ሊነጥቀው ሲል እግሩ ተንሸራተተ። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቈረጣል ይባላል፤ ሞፈሩን ሊቈርጥ የመጣውም በደጁ ቢወድቅ ምን ይባላል? ይህ ሰው ወላጆቹ ጋናውያን ሲሆኑ በእስፓንያ የተወለደ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ በዚያው ዋንጫ ለእስፓንያ ተሰለፈ። አማቴ ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «እናታቸው ሁለቱን እንዴት ችላ ታያለች?» ብለው ከሁሉ ይልቅ ስለማያውቋት ሴት አሰቡ።

አምስቱ የአፍሪካ ቡድኖች የመጀመሪያ ግጥሚያቸውን ሲፈጽሙ ሂሳቡ እንዲህ ሆነ። ሦስቱ ተሸነፉ፤ ሁለቱ፥ ማለት ቱኒዝያና ሞሮኮ፥ ያለ ጎል እኩል ለእኩል ወጡ፤ ያሸነፈ አልነበረም። የባለቤቴ ወንድምም፥ «ይድነቃቸው ለዚህ ነው የደከሙት?» ብሎ ተናገረ። ነገር ግን ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል። ኅዳር 16 ቀን ሴኔጋል ኳታርን 3 ለ 1፥ ኅዳር 18 ቀን ሞሮኮ ቤልጂክን 2 ለ 0፥ ኅዳር 19 ቀን ጋና ደቡብ ኮሪያን 3 ለ 2 አሸነፉ፤ ከዚያም ቱኒዝያ ፈረንሳይን፥ ካሜሩን ብራዚልን 1 ለ 0 መቱ። ከአምስቱ አንድ እንኳ ሳያሸንፍ የተመለሰ አልነበረም። በዚያ ዓመት አምስቱም በአፍሪካውያን አሠልጣኞች ተመርተው ነበር፤ ሞሮኮም ከአራቱ ቀሪዎች አንዷ በመሆን ለአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች። በመጀመሪያው ቀን የተሰጠ ፍርድ ሁሉ የመጨረሻ ብያኔ አለመሆኑን ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ወደ ፊት ዋንጫ በመጣ ጊዜ ሁሉ ቤታቸው በሰላም እንዲሰነብት ለሚወዱ አባወራዎችና እመቤቶች ይህን ምክር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የምግብና የመኝታ ሰዓት ከግጥሚያው ዝርዝር ጋራ ተስማምቶ አስቀድሞ ይወሰን፤ በጨዋታው መካከል የሚደረግ ሙግት ፍርድ አያገኝምና።

ሁለተኛ፤ ትንቢት የሚናገር ሰው በቃሉ ይናገር እንጂ በጽሑፍ አይስጥ፤ ይልቁንም በቤቱ ጸሓፊ ያለበት።

ሦስተኛ፤ ልጆች የተሸነፈውን እንዳይሰድቡ ይከልከሉ፤ ዛሬ ሰባት የገባበት በአራተኛው ቀን ሊያሸንፍ ይችላልና።

አራተኛ፤ በሩቅ አገር ዘመድ ያለው ሰው ከጨዋታው በኋላ ስልክ ይደውል። ለኳሱ ቢጀምረው እንኳ ነገሩ በኳስ አይቀርም።

አባቶቻችን በገና ጨዋታ ጊዜ ጌታ በአሽከሩ እንዳይቈጣ ሥርዐት ያቆሙት ያለ ምክንያት አልነበረም። በጨዋታ ሜዳ ትልቁ ዝቅ፥ ትንሹ ከፍ ሲል፥ ሁሉም የሰው ልጅነቱን ያስታውሳል። ይህን የሚያስተውል ተመልካች በሰው ድግስ እንኳ ቢቀመጥ ተርቦ አይነሣም።